አልጋውን ተሸክሞ ወደ ባሕር ስለሄደውና በአዳራሻችን ካሴት ላይ ስላልተመለሰው ወንድሜ

አሰብ፣ ግንቦት 1989 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ሙሉአለም፣
የማኅበራችን አዳራሽ የኪነ ጥበብ ክፍል ኃላፊ፤
ግልባጭ፦ ይህን ወረቀት በአዳራሹ በር ላይ ቆመው ላብዎን እየጠረጉ ለሚያነቡ ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጤናዎ ከአዳራሹ ቬንትሌተር የተሻለ እንዲሆን፣ ማለትም በመካከል ቀጥ ብሎ በመጥረጊያ እንጨት ተነክቶ የሚነሣ ዓይነት እንዳይሆን ከልብ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ጠረጴዛዎ ላይ ለተቀመጠው ማኅተም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን። የጎደለው ወንድሜ ሰርጸድንግል ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን በክፍልዎ ቸርነት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ኮሞዲኖው ላይ ካለው ቴፕ ውስጥ በዋሽንት ታጅቦ ይናገራል።

ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ ጉግሳ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝም በድምፅ የሚያውቁኝ ይመስለኛል፤ አምና በግጥሙ ዝግጅት ላይ ከኋላ ተቀምጦ ውኃ እንደ ሸተተው ግመል ሲያገሳ የነበረው እኔ ነኝ። ማገሣቴ ሳቅ ነበር። ዘመዶቼም ሆኑ መምህሮቼ ሳቅ መሆኑን የሚያውቁት ፊቴን ሲያዩ ብቻ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። አምና በሚያዝያ ወር በአዳራሻችን የግጥም ዝግጅት ተደርጎ ነበር። ወንድሜ ሰርጸድንግል፣ ወደብ ላይ ከመርከብ የሚወርድ ጆንያ ሲቆጥር የሚውልና ማታ ከሙቀቱ የተነሣ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ግጥም የሚጽፍ ሰው፣ መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ አሰብ ሙቀት አንድ ግጥም አቀረበ። በግጥሙ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱ ሲግልበት አልጋውን ተሸክሞ፣ ቤቱን ተሰናብቶ፣ ባሕር ዳር ሊተኛ ይሄዳል። በበጋ አልጋውን ወደ ግቢ ያላወጣ ሰው እዚህ ከተማ ስለሌለ፣ ሁላችንም ራሳችንን አየንበት፣ ሁላችንም ሳቅን። ከወር በኋላ ወንድሜን ትኩሳት ያዘው፤ ሳምንትም ሳይሞላው ወሰደው። እርስዎ የሚመሩት ክፍል ሐዘናችንን ተካፍሎ፣ ግጥሙን በካሴትና በቪዲዮ አሰናድቶ ለእናቴ ለወይዘሮ ላቀች አበረከተላት።

እናቴ በዝግጅቱ ቀን አልነበረችም። እህቷ አርፋባት ደሴ ለቅሶ ላይ ነበረች። ወንድሜም ስትመለስ ቤት ውስጥ ሊያሳያት ቃል ገብቶ ነበር፤ ትኩሳቱ ቀደመው። ስለዚህ ልጇ መድረክ ላይ ምን ይመስል እንደነበር የምታውቀው በእርስዎ ካሴትና ቪዲዮ ብቻ ነው። ካሴቱን ከሰማች ጀምሮ፣ ልጄ ሞቱን ዐውቆት ነበር፣ ከፍቶት ነበር፣ ሲሰናበተኝ እኔ ግን ደሴ ተቀምጬ የሰው እንባ አብስ ነበር እያለች ራሷን ትወቅሳለች። የፊታችን እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ይኸው ካሴት በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ፣ በሕዝብ ፊት፣ እናቴ ከፊት ተቀምጣ ሊሰማ ተወስኗል። የምጽፍልዎም ስለዚህ ነው። አቤቱታ የሚለው ቃል ከበደ ካሉኝ ምስጋና ይበሉት፤ እንደርስዎ ክፍል ርዕስ መቀየር አይከብደኝም።

አንደኛ፣ ስለ ዋሽንቱ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንድሜ መድረክ ላይ ሲቆም ያጀበው የቬንትሌተሩ ሲጢጥታና ከግድግዳው ባሻገር ያለው የእትዬ ሁሪያ ሱቅ የማቀዝቀዣ ማጉረምረም ነበር። አንድ የአዳራሹን ወንበር ገልብጦ እንደ አልጋ ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ሸሚዙ ላብ አርሶት፣ እንዲህ አለ፦

ደህና ሁኚ ቤቴ፣ ልሂድ ተሰናብቼ፣
አልጋዬን አዝዬ፣ ትራሴን አንግቼ፤
ግድግዳሽ ነደደ፣ ጣሪያሽ ጋመብኝ፣
ባሕር ይሻለኛል፣ ከእንግዲህ አትጥሪኝ።

ይህን ያለው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ሻንጣውን እንዳነሣ ባል አፍንጫውን ነፍቶ ነበር። የእርስዎ ካሴት ግን ዋሽንቱን ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ አስገብቶ፣ ድምፁንም በኤኮ አስረዝሞ ከጉድጓድ ውስጥ የሚናገር አስመሰለው። እናቴ «ልሂድ ተሰናብቼ» ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። «አልጋ ያለው ቃሬዛውን ነው» ትላለች። እኔም ባለኝ የአሥራ አንደኛ ክፍል ዕውቀት፣ «ኧረ እማ፣ የሽቦ አልጋውን ነው፤ ያ እግሩ የተጣመመውን» ስላት፣ «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ቅኔ ነው» አለችኝ። በዚህ አልፈርድባትም። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ዋሽንት ከሰማ ወርቁን ሳይቆፍር አይነሣም። የወንድሜ ግጥም ግን እስከ መጨረሻው ሰም ነበር፤ እሱም በአሰብ ሙቀት የቀለጠ።

ሁለተኛ፣ ስለ ቪዲዮው። ካሜራውን የያዙት ባለሙያ የክብር እንግዶችን በማክበር ረገድ እንከን አልተገኘባቸውም። በካሴት የጠፋብንን በዓይናችን እናያለን ብለን የተሰበሰብን ጊዜ፣ ያየነው የመጀመሪያውን ረድፍ ጫማ፣ የጠረጴዛውን የፕላስቲክ አበባና የክቡርነትዎን ክራቫት ነበር። ክራቫቱ ጥሩ ነው። ወንድሜ የሚታየው ካሜራው ከአንድ እንግዳ ወደ ሌላ እንግዳ ሲሻገር ነው፤ አንድ ክርን፣ ቀጥሎ አንድ ጆሮ፣ ቀጥሎ ያዘለው ወንበር ሁለት እንጨት ተመሳቅሎ። እናቴ እንጨቱ መስቀል መሰላትና ተነሥታ ቴሌቪዥኑን ተሳለመችው። ወንበር ነው ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። በሕይወቴ አፌን በጊዜው የዘጋሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ክፍልዎ የጨመረው ሻማና ከካላንደር ላይ የተነሣው የፀሐይ መጥለቂያ ይመጣል። ፀሐይን እንደ ሐዘን ምልክት ለአሰብ ሰው ማሳየት ድፍረት ይጠይቃል፤ እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያዝን ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ሦስተኛው ስለ መክፈቻ ንግግርዎ ርዝመት ነበር። እናቴ ምን እንደምጽፍ ጠይቃኝ ስነግራት፣ «ትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ አውጣው» አለችኝ፤ አወጣሁት። የሰው ጽሑፍ የመቁረጥ ሥልጣን በእርስዎ ክፍል ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ተቆረጠው። እንደሚታወቀው በአዳራሻችን ደንብ ማንኛውም ግጥም አስቀድሞ በጽሑፍ ገብቶ ማኅተም ያርፍበታል፤ በማኅተሙ ሥር ያልነበረ ቃል «ከጸደቀው ጽሑፍ ውጭ» ይባላል። ወንድሜ ያስገባው ጽሑፍ የሚያልቀው ሰውየው ባሕር ዳር ሲደርስ ነበር። ችግሩ ወንድሜ መድረክ ላይ ሲወጣ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ይረሳል። «ከእንግዲህ አትጥሪኝ» ብሎ ወንበሩን አዝሎ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቆመ፤ ዞረ፤ ድምፁን ቀንሶ፣ «ቆይ፣ ማራገቢያዬን ረሳሁ» አለና ተመልሶ ከሌለ ግድግዳ ላይ፣ ከሌለ ሚስማር ላይ፣ የሌለች የዘንባባ ማራገቢያ አወረደ። አዳራሹ በሳቅ የፈረሰው ያን ጊዜ ነው። ይህ ቤት አይመታም ተብሎ ተቆርጧል፤ አለመምታቱን እመሰክራለሁ።

ከዚያ ሰውየው ባሕር ዳር ሲደርስ የአሰብ ሕዝብ በሙሉ አልጋውን ይዞ ቀድሞት ኖሮ የእግር መትከያ ቦታ ያጣል። ወንድሜ በተኙ ሰዎች መካከል በእግር ጣቱ እየረገጠ፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ይቅርታ ጋሼ» እያለ መድረኩን አቋረጠና ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ አንኳኳ፤ ያን ቀን የጨመራትን የሁለት መስመር ማስታረቂያም ለቤቱ አሰማ። እሷም አልጸደቀችም ነበርና ተቆረጠች። በካሴቱ ላይ ሰውየው ባሕር ዳር ይደርሳል፣ ዋሽንቱ ይረዝማል፣ ካሴቱ ያልቃል። ሰውየው አይመለስም። እናቴም አልጋውን ተሸክሞ የወጣ ልጇን በየቀኑ ከምሳ በኋላ እስከ ባሕሩ ሸኝታ ብቻዋን ትቀራለች።

አምስተኛ፣ ስለ ራሴ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ይዛባል፤ ይታገሡኝ።

ይህችን የመመለሻ ግጥም ፍለጋ ካሴቱን ወዳቀናበረው ወደ ኸባብ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ኸባብ የወንድሜ ጓደኛ ነበር። የመጀመሪያው ካሴት እንዳለ እንዲያሰማኝ ለመንኩት፤ ያለ አለቃ ፈቃድ ሙሉውን አላሰማም ብሎ ጫፏን ብቻ ከፈተልኝ።

«መጨረሻዋን አልፈልጋትም ብዬ አይደለም» አለኝ። «ደንብ ባይኖርም አትወጣም ነበር። ግመል ገብቶባታል።»

«የምን ግመል?»

«አንተ ነሃ፣ ያ ሸይኽ» አለኝ፤ በዓረብኛው «አንተ ሰውዬ» ማለቱ ነው።

ሰማሁት። ወንድሜ ሲያንኳኳ ይሰማል። «ቤቴ ሆይ» ሲል ይሰማል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው እኔ ነኝ፤ ሌላውም ሕዝብ ከሥሬ አለ፣ ነገር ግን ከሁሉ በላይ እኔ ነኝ። ሁለቱም መስመሮች በሳቄ ሥር ተቀብረው አለፉ። ግጥም ለማጥፋት ማኅተም እንደማያስፈልግ፣ ጤነኛ ሳንባ እንደሚበቃ የተማርኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በመቁረጥ በኩል ክፍልዎ ብቻውን እንዳልደከመ በሕዝብ ፊት አምኛለሁ። እርስዎ በመቀስ፣ እኔ በአፌ፤ የሥራ ባልደረቦች ነን።

ታዲያ በቦታው የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሳታል ብዬ ጎረቤት ዞርኩ። ሰው ሁሉ መሳቁን ያስታውሳል እንጂ ምን ብሎ እንዳሳቀው አያስታውስም። እትዬ ሁሪያ፣ «ሆዴን ይዤ ስንፈራፈር ምኑን ልስማው፣ ወላሂ እንባዬ ነው የማስታውሰው» አሉኝ። ቢሆንም ሴትዮዋ ደግ ናቸውና ሱቃቸውን ዘግተው እናቴ ዘንድ መጡ። «ላቀች፣ ልጅሽ ከፍቶት አልነበረም፤ እኛን ነው የገደለን በሳቅ» አሏት። እናቴም እጃቸውን ይዛ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ ለእኔ ብለሽ ነው» አለቻቸው። የእኛ ችግር ይህ ነው። ለሐዘንተኛ የሚነገር ደግ ነገር ሁሉ ማጽናኛ ይባላል፤ ማጽናኛ ደግሞ እውነት መሆን ስለማይጠበቅበት ማንም አያምነውም።

በሰው ካላመነች በዓይኗ ትይ ብዬ ራሴ ላቀርብላት ተነሣሁ። ካሴትም ቪዲዮም ከሕያው ሰው አይበልጥም ብዬ አሰብኩ፤ ሕያው ሰው ያልኩት ራሴን ነበር። ድምፄ በዚህ ዓመት መጎርነን ጀምሮ ገና ያልጨረሰ መሆኑን ረሳሁት። ወንበር አልበቃኝ ብሎ እውነተኛውን የሽቦ አልጋ ከግቢ አስገብቼ ተሸከምኩት። «ደህና ሁኚ ቤቴ» በወፍራም ጀመርኩ፤ «ልሂድ ተሰናብቼ» በቀጭን ወጣ። «አንግቼ» ላይ ስደርስ የተጣመመው የአልጋው እግር የእኔን እግር አውራ ጣት መታው። «አትጥሪኝ» ስል ጮኼ ነው። ከዚያም ማራገቢያውን ረሳሁ ማለት ሲገባኝ፣ ወንድሜ ያን ጊዜ የቆመው አቋቋም ትዝ አለኝና አልጋውን እንደተሸከምኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ተነሥታ አልጋውን ከላዬ አወረደችልኝ። «በቃ ልጄ፣ በቃህ፤ አንተም ከፍቶህ ኖሯል» አለችኝ። ጩኸቴን የሰሙ ጎረቤቶችም ሌላ መርዶ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። ቀልድ ልናገር ተነሥቼ ለቅሶ የሰበሰብኩ የመጀመሪያው ከያኒ ሳልሆን አልቀርም፤ ለዝግጅቱም አስቀድሞ ማኅተም ስላልጠየቅኩ ይቅርታ።

በዚህም አልታረምኩም። የጠፉትን ሁለት መስመሮች ራሴ ጽፌ፣ ከሟች ኪስ ተገኘ ብዬ ለእናቴ አነበብኩላት፦

ባሕር ዳርም ሞላ፣ ቦታ የለም አሉኝ፣
ስለዚህ መጣሁኝ፣ በሩን ክፈቱልኝ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። እስክጨርስ ጠብቃ፣ «ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ። «እሱ ‘ስለዚህ’ አይልም።» ክፍልዎ ገምጋሚ ቢያንሰው የት እንደምትገኝ ጠቁሜያለሁ።

እንግዲህ የምለምነው ጥቂት ነው። ቃሉን አልለምንም፤ ቃሉን እኔ በልቼዋለሁ። እሑድ ዕለት የታሸውንና የታጠበውን ካሴት ትተው፣ ኸባብ ቤት ያለውን የመጀመሪያውን፣ ከነቬንትሌተሩ፣ ከነማቀዝቀዣው፣ ከነግመሉ ያሰሙልን። እናቴ ልጇ ማራገቢያውን ሊወስድ ሲመለስ ትስማው፤ በር ሲያንኳኳ ትስማው። ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት ነው ቢባልም የሁለት መቶ ሰው ጩኸት ነው፤ ለአንዲት ሐዘንተኛ ብለው ሁለት መቶ ሰዎች አምና አስቀድመው ሊዋሹ አይችሉም። ልማድ ሆኖ ዋሽንቱን ማስቀረት ካልተቻለ ለእኔ ይነፋልኝ፤ ሐዘን ላይ ያለሁት እኔም ነኝ፣ ዋሽንት አልጠላም፤ ብቻ ወንድሜ ሲናገር ዝም ይበል።

ከጸደቀው ጽሑፍ ውጭ ስለሆነ አይቻልም የሚሉኝ ከሆነ ግን በትሕትና የማሳውቅዎ ነገር አለ። ያን ቀን ከሳቁት ሰዎች ብዙዎቹን አነጋግሬያለሁ። እሑድ ካሴትዎ «አትጥሪኝ» ብሎ ወደ ዋሽንቱ ሲያልፍ፣ ልክ አምና በሳቅንበት ቦታ፣ በየወንበራችን ላይ ሆነን በሥርዓት እንስቃለን። እትዬ ሁሪያ አንዴ ከጀመሩ ማቆም እንደማይችሉ አስቀድመው ይቅርታ ጠይቀዋል። ለሳቃችን ማኅተም የሚያስፈልግ ከሆነ ማመልከቻውን ለማን እንደምናስገባ በዚሁ በር ላይ ቢለጥፉልን ለሥራም ይቀላል።

በዕድሜም በሥልጣንም ከበታችዎ ያለሁ፣ በድምፅ ግን ከበታች መሆን ያልቻልኩ፣ የክፍልዎን ካሴት ከማንም በላይ ደጋግሜ የሰማሁ፣ ዋሽንቱንም ሳልወድ በቃሌ ያጠናሁ፣

ታናሽዎ
ጉግሳ፣ የሰርጸድንግል ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት ሙሉውን ለእናቴ አነበብኩላት። ስለ ራሷ የጻፍኩትን ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ ሰውየው አልጋውን ይዞ ቤቱ ተመለሰ ነው የምትለኝ?» አለችኝ። አዎን አልኳት። «ማን አየ?» አለችኝ። እኔና እትዬ ሁሪያ ለሷ ብለን የምንዋሽ ስለሆንን አንቆጠርም። እናም ያን ቀን ከፊት ረድፍ ተቀምጠው፣ መነጽርዎን አውልቀው፣ ክራቫትዎን ይዘው ትከሻዎ እስኪንቀጠቀጥ የሳቁትን ክቡርነትዎን በምስክርነት ጠራሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ለሰው ደስታ ብለው የማይዋሹ ሰው መሆንዎን መላው ከተማ ይመሰክራልና። እሑድ፣ ካሴቱ ከመከፈቱ በፊት፣ በሰው ፊት ይህንኑ ትጠይቅዎታለች፦ ልጄ ያን ቀን ወደ ቤቱ ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም። እባክዎ ያለ ዋሽንት ይመልሱላት።